የኔነሽ ኖዚ ሹሩባ ቤት

እትዬ የኔነሽን የማያውቅ ሐበሻ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ካለ፣ ትናንት የገባ መሆን አለበት። እሱም ቢሆን እስከ ዓርብ፣ እስከ ጁምዓ ነው። ጁምዓ ዕለት ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ አክስቱ ለምን ከባሏ እንደተፋታች ሳይቀር ተጠይቆ ያበቃለታል።

ሥራዋ ሹሩባ ነው። የምትሠራውም ሀጅ ሀሰን የሚባሉ ሱዳናዊ ባለሱቅ ከሱቃቸው ጀርባ ባከራዩአት ክፍል ውስጥ ነው። የዚያው ግቢ ሁለተኛው ክፍል የእኔ ነው። አስፋው እባላለሁ። በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩና ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ብቻ መውጣት ለሚፈቀድላቸው እህቶቻችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሐበሻውም ሱዳኑም ኡስታዝ ይለኛል። በእኔና በእሷ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። ይህን ቆርቆሮ ልብ በሉልኝ፤ ብዙ በደል አድርሶብኛል።

ሹሩባ የምትሠራ ሴት ከሌላው ባለሙያ የምትለየው ደንበኛዋ ስለማታመልጣት ነው። ልጅቷ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ጭንቅላቷ በእትዬ የኔነሽ ጉልበቶች መካከል ይገባል፤ ፀጉሯ በአሥር ጣት ይያዛል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ መልስ መስጠት ነው።

"የማን ልጅ ነሽ?" ብላ ትጀምራለች፤ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምትጀምረው። "አባትሽ ማን ይባላል? አያትሽስ? እናትሽ አለች? ማን ትባላለች? ስንት ወለደች? አንቺ ስንተኛ ነሽ? ቤታችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው በታች? በመተማ ነው የመጣሽው በሁመራ? የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ አለሽ? መዳምሽ እንዴት ናት፣ ትጮኻለች? ይቺ ጠባሳ ምን ሆነሽ ነው?"

መልስ የዘገየ እንደሆነ ጉንጉኑ ጠበቅ ይላል ይባላል። እኔ በዓይኔ አላየሁም። "ወይኔ ጭንቅላቴን!" የሚል ድምፅ ግን በቆርቆሮው በኩል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ የሰማችውን ሁሉ የምታስቀምጠው እዚያው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ሐሜተኛ ናት እንዳልል ፈጣሪን እፈራለሁ። የሰማችውን ስታወራ አላጋጠመኝም። ለማውራት ጊዜም የላት፤ ሁልጊዜ ስትጠይቅ ነው።

የእሷን ሕይወት ልጽፍ ስነሳ የማውቀው ትንሽ መሆኑ እኔንም ገርሞኛል። በደርግ ጊዜ ገና ልጅ ሆና በገዳሪፍ በኩል በእግሯ እንደገባች ሰምቻለሁ። አል-ማንሺያ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ልብስ አጥባለች፤ የቤቱን ሴቶች ልጆች ፀጉር ስትጎነጉን ነው እጇ የታወቀው። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር ይባላል። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እኔን ግን ልታጠምደኝ አልቻለችም። በመጀመሪያ ወንድ ነኝ፤ በዚያ ላይ ፀጉር የለኝም። "ኡስታዝ፣ አገርህ ወዴት ነው?" ትለኛለች ውሃ ልቀዳ ስወጣ። "ወደ አገር ቤት ነው" እላታለሁ። "እናትህ ማን ትባላለች?" ስትለኝ "እማዬ" እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ዘጠኝ ዓመት ሆነን። እኔ ሰው በግል ጉዳዩ የማልጠይቅ፣ የምጠየቅም ያልሆንኩ፣ የሠለጠንኩ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ተማሪዎቼንም አንድ ቀን እንኳ የማን ልጅ ናችሁ ብዬ አላውቅም። በዚህም እኮራ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው እኔው ራሴ ባመጣሁት ትምህርት ነው። አንድ ጁምዓ መዝገበ ቃላቴን ገልጬ ሁለት ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንደኛው ኪዩሪየስ፣ ሁለተኛው ኖዚ።

"ሁለቱም ነገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ማለት ናቸው" አልኩ። "ግን አንድ እንዳይመስሏችሁ። ኪዩሪየስ የምንለው ዝናብ ከየት እንደሚመጣ፣ መኪና በምን እንደሚሄድ የሚጠይቀውን ነው። ሙገሳ ነው። ኖዚ የምንለው ደግሞ በማያገባው ገብቶ የሚፈተፍተውን፣ የሰው ጓዳ ካላየሁ የሚለውን ነው። ይሄኛው ስድብ ነው።"

መሪማ የምትባል ከወሎ የመጣች ፈጣን ልጅ አለች። "ምሳሌ ይስጡን፣ ኡስታዝ" አለች።

ምሳሌ ሳስብ፣ በቆርቆሮው ወዲያ የእትዬ የኔነሽ ድምፅ መጣ። "ታዲያ ያ ያጨሽ ሰውዬ ሲተኛ ያንኮራፋል? አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? ለእናቱ ደውለሽ አትጠይቂም?"

አሥራ ስምንት ሴቶች በአንድ ድምፅ "ኖዚ!" አሉ። በአስተማሪነት ዘመኔ አንድ ቃል እንዲህ በቅጽበት የገባቸው ቀን የለም።

ወዲያው መጋረጃው ተገልጦ የእትዬ የኔነሽ ፊት ብቅ አለ። እጇ በቅባት ርሷል፤ ማበጠሪያው ጥርሷ ላይ ነው። አወጣችውና "ምንድነው ያላችሁኝ?" አለች።

ተማሪዎቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። "ኖዚ ማለት..." አልኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። "ብዙ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።"

"በጣም ብዙ?"

"በጣም።"

ቃሏን ሁለት ጊዜ ደጋግማ ብላት ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ከሀጅ ሀሰን ሱቅ ጎን፣ በነጭ ቆርቆሮ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘሁ፤ "የኔነሽ ኖዚ ሹሩባ ቤት" ይላል፤ ከሥሩም በዓረብኛ። ሀጅ ሀሰን ቃሉ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በምስጢር ነገርኳቸው። ስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ በሰሌዳው ሥር ባለፉ ቁጥርም በመዳፋቸው አፋቸውን ይይዛሉ። እኔ ግን ውሎ ሲያድር አልሳቅኩም። የማታነብ ሴት ላይ በገዛ ሰሌዳዋ ስድብ ማስሰቀል ትንሽ ይከብዳል። እነግራታለሁ እነግራታለሁ እያልኩ ከረምኩ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ጁምዓ ትምህርት ልጀምር ስል አንድ ወጣት በሬ ላይ ቆመ። ኮንጎ ጫማ አድርጓል፤ ኮቱ ለካርቱም ሙቀት የሚሆን አልነበረም። ጥላዬ እባላለሁ፣ ከደምቢያ ነው የመጣሁት አለኝ። እህቱን ሊፈልግ መጥቶ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሟል፤ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሯል።

"እፀገነት የምትባል ልጅ ያውቃሉ፣ መምህር? ይቺ ናት" ብሎ ፎቶ ሰጠኝ። የስምንተኛ ክፍል የፈተና ፎቶ ነው። ፀጉሯን የተላጨች፣ ዓይኗን ያፈጠጠች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።

እህቱ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። የሄደች ዕለት እሱ ተቆጥቶ "ከዚህ ደጅ ከወጣሽ ወንድም የለሽም" ብሏት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልደወለችም። በኋላ አንድ ደላላ በሊቢያ በረሃ ውሃ ጥም ከጨረሳቸው ሰዎች ጋር ነበረች ብሎ አወራ። እናታቸው አለች አትል፣ ሞተች አትል፣ ሦስት ዓመት እንዲሁ ተቀምጣለች።

"እናቴ 'ቁርጡን አምጣልኝ' አለችኝ" አለ ጥላዬ። "ካለች ልጠብቃት፣ ከሌለችም እርሜን ላውጣ ነው የምትለው። እሑድ ጎህ ሲቀድ መኪናዬ ይነሳል። ካጣኋት ለሚካኤል ማግስት ለቅሶ እንቀመጣለን።"

ተማሪዎቼን ጠየቅሁ፤ እፀገነት የሚባል የሚያውቅ የለም። ፎቶው ተዟዟረ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። የስም መዝገቤን ገለጥኩ፤ እሱም ላይ የለም። "የለችም፣ ወንድሜ" አልኩት።

በዚህ ጊዜ በቆርቆሮው ወዲያ "ማነው እሱ ልጅ? የማን ነው?" የሚለውን ድምፅ ሰማሁ። ይሄን ያዘነ ልጅ ከዚህች ሴት ላድነው አልኩ። የአያቱን ስም፣ የእናቱን ጥርስ ብዛት ስትጠይቀው ታየኝ። ትከሻውን ይዤ፣ በእሷ መጋረጃ ፊት ፈጠን ብለን አልፈን፣ በሀጅ ሀሰን ሱቅ በኩል ሸኘሁት። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን ከመጋረጃው ሥር ጫማውን አይታለች።

"ኮንጎ ያደረገው ልጅ ማነው?" አለችኝ ውሃ ልቀዳ ስወጣ።

"የግል ጉዳይ ነው፣ እትዬ የኔነሽ።"

"የማን ግል?"

"የራሱ።"

አኮረፈች። እሷ ስታኮርፍ ጥያቄዋን አታቆምም፤ ለሌላ ሰው ታዞረዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ሀጅ ሀሰንን ያዘቻቸው። እሳቸውም ልጁ ውሃ ሲገዛ በእጅም በአፍም "ኡኽቲ፣ ኡኽቲ"፣ እህቴን፣ እያለ ፎቶ እንዳሳያቸው ነገሯት። እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለሁ መጋረጃዬን ሳታንኳኳ ገልጣ ገባች። መጋረጃ አይንኳኳም እንጂ።

"እህቱን ነው የሚፈልግ። ማን ትባላለች?"

"እትዬ የኔነሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር..."

"ኡስታዝ! ስሟን ብቻ።"

"እፀገነት።"

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። "የደምቢያዋ? የፈንቴ ልጅ? ጆሮዋ ሥር ጠባሳ ያላት?"

"የአባቱን ስም አልጠየቅሁትም።"

"ኒዕማ ናታ!" አለች፤ እንደ መጮህ ብላ። "ሦስት ወር ሙሉ አስተምረሃት የለም እንዴ!"

እዚህ አገር ለሥራ ብቻ የሚወጣ ስም አለ። ደላላው ደህና ቤት እንድትገቢ የሙስሊም ስም ያዢ ይላታል፤ ክርስቲያኗ ልጅ እፀገነት ሆና ድንበር ተሻግራ ኒዕማ ሆና ካርቱም ትደርሳለች። ስሙ ይለመድና ጓደኞቿም በዚያው ይጠሯታል። የስም መዝገቤን አስታወስኩ፤ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ኒዕማ። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የምትሸፍን፣ "ወንድም አለኝ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በይ ስላት "ዝለሉኝ" ያለችኝ ልጅ። ለምን እንዳለች አልጠየቅኋትም። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ስትቀርም ለምን ቀረች አላልኩም። የሠለጠንኩ ሰው ነኝ አላልኳችሁም?

"ልጁ የት ነው ያረፈው?" አለች እትዬ የኔነሽ።

"አልጠየቅሁትም።"

"ስልክ ቁጥሩስ?"

የተኮስኩትን ሸሚዝ እንደገና መተኮስ ጀመርኩ።

"ይሄ የምታስተምረው እንግሊዝኛ ጥያቄ የለውም እንዴ?" አለችኝ። ሕይወቴን ሙሉ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንዲህ የገባኝ ቁጣ ግን የለም።

ማዕዘኑ ላይ የሚቆመውን፣ ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳውን ኢሳን ጠራችው። ኢሳ ትናንት ኮንጎ ያደረገ ሐበሻ ጭኖ ነበር ወይ? ጭኖ ነበር። የት አደረሰው? መናኸሪያው ጀርባ ያለው አልጋ ቤት። ያን ያህል ከመለሰ በኋላ የኢሳ ሚስት ወልዳ እንደሆነና ሕፃኑ ጡት ይዞ እንደሆነም ተጠየቀ። "ያላ፣ ማማ፣ ግቢ" አላት ኢሳ። ተጣበን ሦስታችንም ራክሻዋ ውስጥ ገባን።

ጥላዬን ያገኘነው አልጋ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ቦርሳውን ሲያስር ነው። ከቦርሳው አናት ላይ የታጠፈ አዲስ ጥቁር ጨርቅ አለ። ለእናቱ ነው የገዛው። ጨርቁን ሳይ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። እትዬ የኔነሽ በክርኗ ጎሸመችኝና እሷ ቀደመች።

"አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?"

"የ... የፈንቴ" አለ ግራ ገብቶት።

"ቤታችሁ ከጊዮርጊስ በላይ ነው በታች?"

"በታች።"

"እህትህ ጆሮዋ ሥር ምን ሆና ነው?"

ጥላዬ ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ነኝ" አለ። "ልጆች ሆነን ድንጋይ ወርውሬ ነው። እርስዎ እንዴት..."

"ተነሥ። በሕይወት አለች።"

ልጁ አልተነሣም። መሬቱ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ የኔነሽ ጎንበስ ብላ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። "ቆይ አሁን አታልቅስ፤ ኩብሪው ሳይጨናነቅ እንሂድ። ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?"

ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ የሚያሻግረው ድልድይ፣ ኩብሪው፣ ተጨናንቆ ነበር። ከባሕሪ የሚመጣ የጭነት መኪና መሐል ላይ ቆሞ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላዬ ወርጄ በእግሬ ልሩጥ ይላል፤ እሷ ኮቱን ይዛ ስለ ደምቢያ ጤፍ ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ተናደድኩባት፤ በኋላ ግን እሱ እየመለሰ እያለ መንቀጥቀጡ እንደተወው አየሁ።

ቤቱን አንድ ጊዜም ሄዳ አታውቀውም፤ ግን ታውቀዋለች። የኒዕማ አሠሪዎች ከሦስት ሳምንት በፊት ከአል-ማንሺያ ወደ ባሕሪ ቤት ለውጠዋል። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር፣ በሩ ላይ የተሰበረ አምፖል፤ ኒዕማ አዲሱን ቤት ስታጸዳ ከርማ ለመጨረሻ ጊዜ ፀጉሯን ስትሠራ ተጠይቃ የተናገረችውን ነው ለኢሳ እየነገረች የምትመራው። በሩ አረንጓዴ ነው። አምፖሉም እንደተሰበረ አለ።

መዳሟ ራሷ ከፈተች። ወፍራም፣ ፊቷ የማይከፋ ሴት ናት። እትዬ የኔነሽ በዓረብኛ ሰላምታ ጀመረች፤ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ አዲሱ ቤት ተስማማሽ ወይ፣ ጉልበትሽን የሚያምሽ እንዴት ሆነ። መዳሟ ጉልበቷን እንደሚያማት ማን እንደነገራት ሳታስብ ስለ ጉልበቷ ማውራት ጀመረች። ጥላዬ አጠገቤ ቆሞ በአንድ እግሩ ይወዛወዛል። ስለ ጉልበት የሚወራው ሲያልቅ መዳሟ ወደ ውስጥ ዞራ "ኒዕማ!" አለች።

ልጅቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። እትዬ የኔነሽን አየችና ፈገግ አለች፤ እኔን አየችና ለምን እንደቀረች ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ከኋላችን ያለውን አየች።

የቀሚሷን ጫፍ እንደጨበጠች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ወንድም የለሽም ብለኸኝ አልነበር?" አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ነበር።

"ብዬሻለሁ" አለ ጥላዬ። "ውሸቴን ነው። እናታችን እርምሽን ልታወጣ ነው፣ እፀገነት።"

ስሟን ሲጠራ እንባዋ መጣ። መዳሟ ማን እንደሞተ እትዬ የኔነሽን ጠየቀች። ማንም አለመሞቱን ስትሰማ እሷም አለቀሰች፤ ሁላችንንም አስገብታ ውሃ አቀረበችልን። ኢሳም ራክሻውን ትቶ ገባ።

በእኔ ስልክ ወደ ደምቢያ ደወልን። የተደወለው ለጎረቤት ቄስ ነው፤ እናትዮዋ እስክትጠራ ጠበቅን። እፀገነት "እማ፣ እኔ ነኝ" አለች። ከወዲያ የመጣው ድምፅ ልቅሶ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማናል። ልጄ ከሆንሽ ላማችን ምን ትባል ነበር? ሌሊት የምትተኚው በየት በኩል ነበር? የሄድሽ ለት ምን ቋጠርኩልሽ?

"ቡላን" ትላለች እፀገነት እየተንሰቀሰቀች። "በምድጃው በኩል። ቆሎ በሽንብራ።"

ያን ጊዜ ነው ከወዲያ እልልታው የመጣ። እትዬ የኔነሽ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። "አየህ ሴትዮዋን?" አለችኝ። "ሳትጠይቅ አታምንም። እንዲህ ነው እንጂ!"

እሑድ ጎህ ሲቀድ ጥላዬ ሄደ። እፀገነት ለጊዜው ቀርታ በመስከረም እንድትገባ ተስማሙ። ጥቁሩን ጨርቅ ይዞ መመለስ ስላልፈለገ ለእትዬ የኔነሽ ተወላት። እሷም በእኩሌታው ቆርጣ ሹሩባ ለሚሠሩት ትከሻ ማልበሻ አደረገችው። ፀጉር ቢወድቅበት አይታይም ትላለች።

በሚቀጥለው ጁምዓ እነዚያን ሁለት ቃላት እንደገና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ያስተማርኳችሁ ትንሽ ይስተካከል አልኩ፤ ግን እንዴት እንደሚስተካከል እኔም አላወቅሁትም። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤ ያው ነው የሚል። አንደኛው ሙገሳ፣ ሁለተኛው ስድብ።

"ቀላል ነው፣ ኡስታዝ" አለች መሪማ። "ያልቸገረን ጊዜ ኖዚ ናት፤ የቸገረን ጊዜ ኪዩሪየስ።"

ከባሕሪ ድረስ መጥታ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው እፀገነት ሳቀች። የስም መዝገቤ ላይ ተራ ቁጥር አሥራ አንድን ሰርዤ እውነተኛ ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ። ከዚያም ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ከአሥራ ስምንቱ ሰባቱ ሌላ ስም ነበራቸው።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ ወደ እትዬ የኔነሽ ክፍል ገባሁ። የመጨረሻ ደንበኛዋን ሸኝታ የወደቀ ፀጉር ትጠርጋለች።

"እትዬ የኔነሽ፣ ስለ ሰሌዳው አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ..."

"ስድብ ነው ልትለኝ ነው?"

ደነገጥኩ። "ታውቂ ነበር?"

"ሳልጠይቅ የምሰቅል ይመስልሃል? ያኔውኑ መሪማን ጠየቅኋት።"

"ታዲያ ለምን ሰቀልሽው?"

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አየችኝ። "ሥራዬ እኮ ነው። ሰው በሥራው ቢጠራ ምን ነውር አለው?"

ለምን እንዲህ እንደምትጠይቅ ጠየቅኋት። ድሮ የደረሰባት አንድ ከባድ ነገር ትነግረኛለች ብዬ ለማዘን ተዘጋጅቼ ነበር። "ማወቅ ደስ ይለኛላ" አለች፤ ያ ብቻ ነው።

የሚቀጥለውን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም። ያቺ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። እሷም ልማዷ ሆኖ ከኋላዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ የሚጎነጎን ቢያጣም እጇን ራሰ በራዬ ላይ ጣል አደረገች።

"ከወረኢሉ ነኝ" አልኩ። "እናቴ ደብሪቱ ትባላለች። ቤታችን ከገበያው በላይ ነው። አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የምደውልበት አልነበረም። በኋላ በኋላ መደወሉን አፈርኩት።"

"አለች?"

"አላውቅም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ተከታይ ጥያቄ አልመጣም።

"ከወረኢሉ የመጡ ሦስት ልጆች አሉ" አለች ከዚያ። "አንዷ ከገበያው በላይ ናት። ጁምዓ ትመጣለች። ኢንሻላህ እጠይቅልሃለሁ።"

ከበርጩማው ተነሥቼ መጋረጃው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ።

"ኡስታዝ።"

"አቤት።"

"አንተ ግን አትጠይቀኝም?" የወደቀውን ፀጉር እያየች ነበር የምትናገረው። "ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ጥቂት አሰብኩ። "እናትሽ ማን ትባላለች?" አልኳት።

"እንዲህ አይጀመርም" አለችኝ፤ ፊቷ ግን በርቷል። "ስንት ዓመት በቆርቆሮ ስትሰማኝ ኖረህ አልተማርክም?"

"የማን ልጅ ነሽ?" አልኳት።